ለብርድ አገር ግቢ የትኛው ፈር ይሻላል?

ፈር የሚባለውን፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሆነውንና ብዙ ሰው በገና ዛፍነቱ የሚያውቀውን ዛፍ ለመትከል ያሰበ ሰው ነርሰሪ (የችግኝ መሸጫ) ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ዛፍ ብርዳችንን ይችላል?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር ወይም ኤድመንተን ቤት ገዝቶ የመጀመሪያውን ዊንተር ያሳለፈ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል? ግን መልሱ ብዙም አያግዘውም። በእነዚህ ከተሞች ለገበያ የሚቀርቡት ፈሮች አብዛኞቹ ብርዱን ይችሉታል። ፈርን በብዛት የሚገድለው ሥሩ ላይ የተኛ ውሃ ነው። ከዚያ የጁላይ ሙቀትና ድርቀት ይከተላል። ከዚያ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠልቆ መተከል። ብርድ ተራው የሚደርሰው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኔ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። «የቱን ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምመክረው፣ ስለ ብርዱ መጨነቁን ለጊዜው ትቶ መጀመሪያ የግቢውን አፈር እንዲያይ ነው። እዚህ የማወዳድራቸው ፈሮች ሁሉም ቆንጆዎች ናቸው። ለሁሉም ግቢ የሚሆኑ ግን አይደሉም። የማደላለትን በግልጽ እናገራለሁ፤ የማልመክረውንም እንዲሁ።

መጀመሪያ ፈር መሆኑን ማረጋገጥ

ፈር፣ ስፕሩስና ፓይን ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ቀረብ ብሎ ለነካቸው ግን ይለያያሉ። አንድ መርፌ ቅጠል ነቅላችሁ በሁለት ጣት አንከባሉት። ጠፍጣፋ ሆኖ አልንከባለል ካለና ጫፉ የማይወጋ ከሆነ ፈር ነው። አራት ጠርዝ ኖሮት በቀላሉ ከተንከባለለና እጅ ከወጋ ስፕሩስ ነው። ቅጠሎቹ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ሆነው ከአንድ ቦታ በጥቅል ከወጡ ፓይን ነው። ኮኑም፣ ማለትም ዘሩን የሚይዘው ፍሬ፣ ይናገራል። የፈር ኮን ቅርንጫፉ ላይ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲደርስም እዚያው ላይ ተፈረካክሶ ይበተናል። የስፕሩስ ኮን ወደ ታች ይንጠለጠልና ኋላ ሙሉውን ይወድቃል።

ይህን መለየት የሚጠቅመው፣ ብዙ ሰው ፈር ነው ብሎ ይዞ የሚመጣው የኮሎራዶ ብሉ ስፕሩስን ስለሆነ ነው። ብሉ ስፕሩስ በተወለደበት ደረቅ ተራራ ላይ ግሩም ዛፍ ነው። እርጥበት በሚበዛባቸው እንደ ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲንና ሚሺጋን ባሉ ቦታዎች ግን ሪዞስፌራ የሚባል ፈንገስ ከታች ጀምሮ ቅጠሉን ያረግፍበታል። ሳይቶስፖራ የሚባለው ሌላ ፈንገስ ደግሞ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ያደርቃቸዋል። በየሰፈሩ ከወገቡ በታች ራቁቱን የቀረ ብሉ ስፕሩስ አይጠፋም። ያንን ሰማያዊ መልክ የወደደ ሰው ተመሳሳይ መልክ ያለው፣ ጤናው ግን የተሻለ ፈር ማግኘት ይችላል። ወደ እሱ እመጣለሁ።

የዞን ነገር

አሜሪካ ውስጥ ነርሰሪዎች የሚከተሉት ካርታ የግብርና መሥሪያ ቤቱ የዩኤስዲኤ ነው። በ2023 ታድሷል። ዚፕ ኮዳችሁን ስታስገቡ ዞናችሁን ይነግራችኋል። ቁጥሩ የሚወጣው በየዓመቱ ከሚመዘገበው ዝቅተኛ ቅዝቃዜ አማካይ ነው። ዞን 3 ማለት ከዜሮ በታች ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ፋራናይት የሚደርስ ብርድ ነው። ዞን 4 ከዜሮ በታች ከ20 እስከ 30፣ ዞን 5 ደግሞ ከ10 እስከ 20 ነው። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በ4 እና በ5 መካከል ናቸው። ዴንቨርና አውሮራ 5 እና 6 ላይ ይወድቃሉ። የዲሲ፣ የሜሪላንድና የሰሜን ቨርጂኒያ ሰፈሮች በአብዛኛው 7 ናቸው።

ካናዳ የራሷ ካርታ አላት። ብርዱን ብቻ ሳይሆን ዝናብን፣ ንፋስን፣ በረዶውንና ከውርጭ ነፃ የሆነውን ጊዜ ሁሉ ስለምትቆጥር ቁጥሩ ከአሜሪካው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ስዊድን ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ የስዊድን ዞን የሚቆጠረው በተቃራኒው ነው። 1 የሚባለው ለስላሳው ደቡብ ሲሆን 8 የሚባለው እጅግ ቀዝቃዛው ሰሜን ነው። አንዱን ካርታ ከሌላው ጋር ማደባለቅ ገንዘብ ያስከስራል።

አፈሩን ፈትኑ

ፈር የተራራ ዛፍ ነው ቢባል ብዙም ስህተት አይሆንም። የለመደው ቀዝቀዝ ያለ አየር፣ ዝናብ መጥቶ የሚያልፍበት ተዳፋትና ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው። አዲስ በተሠሩ ሰፈሮች ያለው ግቢ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቤቱ ሲሠራ የላይኛው ለም አፈር ተጠርጓል። የቀረው በከባድ ማሽን ተደምድሟል። ከዚያ ላዩ ላይ ሳር ተነጥፎበታል። ከሳሩ ሥር ያለው ብዙውን ጊዜ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ዛፉን ልትተክሉበት ያሰባችሁት ቦታ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ውሃ ሙሉት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ ቦታው ይሆናል። በማግስቱም ተኝቶ ካገኛችሁት እዚያ ፈር አይተከልም። ወይ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ ወይ ሰፋ ያለ ጉብታ ሠርታችሁ እላዩ ላይ ትከሉ። ሁለቱም ካልሆነ ሌላ ዛፍ መምረጥ ይሻላል። አርቦርቫይቲ ለምሳሌ እርጥብ መሬትን ከፈር በተሻለ ይታገሳል፤ እሱም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው።

ሁለተኛው ነገር የአፈሩ ኮምጣጣነት ነው። ፈሮች አብዛኞቹ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት ልኬቱ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ5 እስከ 6.5 የሆነ አፈር ይወዳሉ። የዴንቨር አካባቢ አፈር ግን ብዙ ጊዜ ከ7 በላይ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲና የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአፈር ናሙና ተቀብለው ይመረምራሉ። ክፍያው ከአንድ ዛፍ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እኔ ብሆን ከመግዛቴ በፊት አስመረምራለሁ።

ኮንኮለር፦ የመጀመሪያ ምርጫዬ

ነጭ ፈርም ይሉታል። ትውልዱ የምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ናቸው፤ ኮሎራዶ፣ ዩታ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ። እዚያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ዝናቡም ብዙ አይደለም። በዚህ ምክንያት ከብርድ አገር ፈሮች ሙቀትንና ድርቀትን በመቻል አንደኛው እሱ ነው። ለከተማ ግቢ እንዲህ ያለ ፈር ሌላ የለም ብል አላጋነንኩም።

መልኩን ላስረዳ። መርፌ ቅጠሉ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ይህ ለፈር ረጅም ነው። ላዩም ሥሩም ያው ግራጫ የተቀላቀለበት ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ለስላሳ ነው፤ ልጆች ቢደገፉበትም አይወጋቸውም። ቅጠሉን ጨመቅ ስታደርጉት የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ይሰጣል። ካንዲካንስ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ወደ ብር ቀለም ያደላል። ብሉ ስፕሩስ ለመግዛት ነርሰሪ የሄደ ሰው ይህን አንዴ ቢያየው ሐሳቡን የሚቀይር ይመስለኛል።

ኮንኮለር ዞን 4 ላይ ምንም አይቸገርም። ከቀዝቃዛው የሮኪ ተራራ የመጣ ዘር ከሆነ ዞን 3ንም ይሞክራል። የካሊፎርኒያው ዘር ግን ብርድ የመቋቋም አቅሙ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ «ብርዱን ይችላል?» ከማለት ይልቅ «ዘሩ ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ነርሰሪ ይህን ያውቃል። ካላወቀ ሌላ ነርሰሪ ሂዱ።

ድክመት የለውም አልልም። ውሃ የሚቋጥር ሸክላ አፈር ይጠላል፤ እዚህ ላይ ከሌሎቹ ፈሮች አይለይም። በጸደይ ቡቃያው ቶሎ የሚፈነዳ ስለሆነ ዘግይቶ የመጣ ውርጭ ሊያቃጥለው ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ተንሸራቶ በሚጠራቀምበት የግቢ ጎድጓዳ ቦታ አትትከሉት። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደግሞ የቆመ እስኪመስል ድረስ አያድግም። ሥሩን እየሰደደ ነውና ታገሱት። ከዚያ በኋላ በዓመት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢጨምር ደህና ነው።

ትልቁ ጉዳይ ስፋቱ ነው። ስትገዙት ወገባችሁ ድረስ ነው። ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ ግን ከ10 እስከ 15 ሜትር ቁመትና ከ5 እስከ 8 ሜትር ስፋት ይኖረዋል። የታች ቅርንጫፎቹ መሬት ድረስ ይወርዳሉ፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 6 ሜትር ካላራቃችሁት ኋላ የታቹን መቁረጥ ይመጣል። የታቹ የተቆረጠ ፈር ደግሞ መልሶ አያወጣውም።

ባልሳም፦ ሰሜን ላላችሁ

በሚኒሶታ ጫካ ራሱን ችሎ የሚበቅል ፈር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባልሳም ነው። ከዚያ በሜይን በኩል አልፎ ካናዳን ሰፊውን ክፍል ይሸፍናል። የኒው ብራንዝዊክ ክፍለ ሀገር ምልክት የሆነውም ይህ ዛፍ ነው። ብርድን በተመለከተ የሚጠየቅ ነገር የለም። በሰሜን ሚኒሶታ ታወር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ፋራናይት ተመዝግቦባታል። በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 51 ማለት ነው። ባልሳም የዚያ አካባቢ የጫካ ዛፍ ነው።

ሽታው ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ሰው የገና ዛፍ ሽታ የሚለው የባልሳምን ነው። ልጡ ላይ ካሉት እብጠቶች የሚወጣው ሙጫ ጥርት ያለ ስለሆነ የካሜራና የማይክሮስኮፕ ሌንሶችን ለማጣበቅ ለብዙ ዘመን አገልግሏል።

ታዲያ ለምን ሁለተኛ አደረግሁት? ሙቀት ስለማይወድ ነው። ባልሳም የሚመቸው ቀዝቀዝ ባለ ሰመር፣ እርጥበት በማይለየው ኮምጣጣ አፈር ላይ ነው። በሰሜን ሚኒሶታ ባለችው በዱሉት ደስ ብሎት ያድጋል። ከሚኒያፖሊስ ደቡብ አስፋልትና ኮንክሪት በከበበው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ግቢ ግን ቅጠሉ ይሳሳል፣ ጫፉ ይደርቃል። በዚያ ላይ ስፕሩስ በድዎርም የሚባለው ትል፣ ስሙ ስፕሩስ ቢልም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደው ባልሳምን ነው። አጋዘንም በረዶ ሲከብድና ሌላ ምግብ ሲጠፋ የታች ቅርንጫፎቹን ትግጣለች። አጋዘን የሚዞርበት ሰፈር ካላችሁ ወጣቱን ዛፍ ለጥቂት ዓመት በሽቦ አጥር ክበቡት።

የባልሳም ቅርብ ዘመድ የሆነ ካናን የሚባል ፈር አለ። የመጣው ከዌስት ቨርጂኒያ የካናን ሸለቆ ነው። ቡቃያው ዘግይቶ ስለሚፈነዳ የጸደይ ውርጭ አያገኘውም። እርጥበት ያለውን አፈርም ቀጥዬ ከማነሳው ከፍሬዘር በተሻለ ይችላል። ባልሳምን ወድዳችሁ ግቢያችሁ ትንሽ ሞቃት ከሆነ ነርሰሪውን ካናን እንዳለው ጠይቁት። ሁሉ ቦታ አይገኝም፤ ግን መጠየቁ ዋጋ አለው።

ፍሬዘርና ኖርድማን

እነዚህ ሁለቱ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው የገና ዛፎች ናቸው። ፍሬዘር የኖርዝ ካሮላይና ኩራት ነው። ዋይት ሀውስ ብሉ ሩም ውስጥ የሚቆመው ትልቁ የገና ዛፍ ብዙ ጊዜ ፍሬዘር ነው። ኖርድማን ደግሞ የአውሮፓው ንጉሥ ነው። ትውልዱ የካውካሰስ ተራሮች ሲሆኑ በተለይ ዴንማርክ በሰፊው እያመረተች ለጎረቤቶቿ ትሸጣለች። ሁለቱም ከተቆረጡ በኋላ ቅጠላቸውን ለረጅም ጊዜ ይይዛሉ። ሳሎን ውስጥ ለማቆም ከእነሱ የሚሻል የለም።

ግቢ ውስጥ መትከል ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሬዘር በተፈጥሮ የሚገኘው በአፓላቺያን ተራሮች አናት ላይ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ 2,037 ሜትር ከፍታ ባለው ማውንት ሚቸል ላይ። አየሩ ደመናማና ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃም እዚያ አይተኛም። ወርዶ ሸክላ አፈር ላይ ሲተከል ፋይቶፍቶራ የሚባል የሥር አበስባሽ ይይዘዋል። ይህ በሽታ አንዴ አፈሩን ከያዘ አይለቅም። በተራራው ላይ ያሉትንም ቢሆን ከአውሮፓ የመጣ ባልሳም ዉሊ አደልጂድ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በብዛት ጨርሷቸዋል። የዞን ካርታው ፍሬዘርን እስከ 4 ድረስ ይፈቅዳል። አሸዋማ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ተዳፋት ያለው ሰው ይሞክረው። ሌላው ሰው ገናን በተቆረጠው ያክብርና ለግቢው ሌላ ይፈልግ።

ኖርድማን ከፍሬዘር ይጠነክራል። ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሲያድግም ግርማ አለው። ዞን 5 ላይ ይመቸዋል፤ ዞን 4 ላይ ከንፋስ የተከለለ ቦታ ይፈልጋል። ለደቡብ ስዊድን፣ ለደቡብ ኖርዌይና ለጀርመን አንባቢዎቼ ከኮንኮለር ቀድሞ የማነሳው እሱን ነው። እርጥበት ያለው የአውሮፓ አየር ይስማማዋል፣ በየነርሰሪውም ይገኛል። ግን እሱም ትልቅ ዛፍ ነው፤ በትውልድ አገሩ ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል። በተርታ ቤቶች ጠባብ ግቢ ቦታ የለውም።

የኮሪያ ፈር፦ ግቢው ጠባብ ለሆነ

ታውንሃውስ ላላችሁ፣ ወይም ከመስኮቱ ፊት ትንሽ ቦታ ብቻ ለቀራችሁ፣ መልሱ የኮሪያ ፈር ነው። የመጣው ከደቡብ ኮሪያ ተራሮች ነው፤ አንዱ መገኛው በጄጁ ደሴት ላይ ያለው 1,947 ሜትር ከፍታ ያለው ሀላሳን ነው። ገና በ1920 ነው በሳይንስ ስም የተሰጠው። ዛሬ በትውልድ ቦታው የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዛፎች ውስጥ ተመዝግቧል። በዓለም ዙሪያ ግን ግቢ ለግቢ ተሠራጭቷል።

የሚወደድበት ምክንያት ኮኑ ነው። ሌሎች ፈሮች ኮን ለማሳየት ብዙ ዓመት ያስጠብቃሉ፤ ያውም ከላይ አናታቸው ላይ ነው የሚያወጡት። የኮሪያው ግን አንድ ሜትር ከምናምን ሲሆን ጀምሮ ወይን ጠጅና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ኮን በየቅርንጫፉ ላይ ይደረድራል። ልጆች በእጃቸው የሚነኩት ቁመት ላይ ነው። ቅጠሉ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ ደግሞ ብር የመሰለ ነው። ሲልበርሎከ የሚባለው ዝርያ ቅጠሉ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ብሩ ሁሌ ይታያል። ግቢ ውስጥ በአብዛኛው ከ5 እስከ 9 ሜትር ባለው ይቆማል፤ እድገቱም ዝግ ያለ ነው።

ከዞን 5 እስከ 7 ይመቸዋል። ዞን 4 ላይ ያለ ሰው ከምዕራብ ንፋስ በቤት ወይም በአጥር የተከለለ ቦታ ካለው ሊሞክረው ይችላል፤ ዋስትና ግን አልሰጥም። እንደ ዴንቨር ባለ ደረቅ ቦታ የከሰዓት ጥላ ብታገኙለት ጥሩ ነው።

ሳልጠቅሳቸው የማላልፋቸው

የሳይቤሪያ ፈር ብርድ የማይፈራ ነው፤ ፊንላንድ ውስጥ በየመናፈሻው ይታያል። ለሰሜን ስካንዲኔቪያ ተስማሚ ነው። ዊንተሩ አንዴ ሞቅ አንዴ ቀዝቀዝ በሚልበት አገር ግን ቶሎ ይነቃና ውርጭ ይመታዋል። ሰብአልፓይን ፈር በሮኪ ተራራ ከፍታ ላይ የሚያምር ነው፤ ዴንቨር ሜዳ ላይ ግን ሙቀቱ ያዳክመዋል። ዳግላስ ፈር ከፈር ወገን ባይሆንም ጥሩ የግቢ ዛፍ ነው። የምትገዙት የሮኪ ተራራው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ የፓሲፊክ ዳርቻው ብርድ አይችልም።

የዲሲ፣ የቨርጂኒያና የአትላንታ ሰዎች ችግራችሁ ሌላ ነው። እናንተ ጋ ብርዱ ቀላል ነው፤ ፈተናው የኦገስት ወበቅና ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ለእናንተ ከጃፓን የመጣው ሞሚ ፈር አለ። ወበቅንም ሸክላ አፈርንም ከሌሎቹ ፈሮች በተሻለ ስለሚችል በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሌሎች ፈሮችን ቅርንጫፍ ቆርጠው የሚያጣብቁት በእሱ ሥር ላይ ነው። ኮንኮለርም ሜሪላንድ ላይ ይሞከራል፣ ውሃ የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ብቻ።

ወደ አገር ቤት ጥድ የሚናፍቅም አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናውቀው ጥድና ዝግባ የሚኒሶታን ዊንተር አይችሉም። ያንን ጥላና ያንን ሽታ እዚህ ማግኘት ለፈለገ ሰው ቅርቡ ነገር ፈር ነው ብዬ አስባለሁ።

አተካከሉ ላይ የሚበላሸው

ጥሩ ዛፍ ተገዝቶ በክፉ አተካከል ይሞታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስትገዙ ትልቁን አትምረጡ። አንድ ሜትር ገደማ የሆነው ቶሎ ሥር ይሰድዳል፤ ሁለት ሜትር ተኩል ከሆነው ጋር የሚኖረው ልዩነትም ከዓመት ዓመት ይጠብባል። ከመቆፈራችሁ በፊት አሜሪካ ከሆናችሁ 811 ደውሉ። በነፃ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን ቀለም ቀብተው ያሳዩዋችኋል። ቀና ብላችሁም ተመልከቱ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ረጅም ፈር አይተከልም።

ጊዜው ኤፕሪልና ሜይ ነው፣ ወይም ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ። ከዚያ ከዘገያችሁ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ሥር ለመስደድ ጊዜ አይኖረውም። ጉድጓዱ ከሥሩ ቋት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከቋቱ አይብለጥ። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ነርሰሪ ውስጥ ይህ ቦታ በአፈር ተሸፍኖ ሊመጣ ስለሚችል ጠርጋችሁ ፈልጉት። ሥሩ ከነአፈሩ በጆንያና በሽቦ ተጠቅልሎ ከመጣ ጉድጓዱ ውስጥ ካስቀመጣችሁት በኋላ ሽቦውንና የላይኛውን ጆንያ ቆርጣችሁ አውጡ። የላስቲክ ገመድ ግንዱ ላይ ከቀረ ከዓመታት በኋላ ያንቀዋል።

የቆፈራችሁትን አፈር መልሳችሁ ሙሉበት። በመጀመሪያው ዓመት ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ አድርጉበት፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ግን ዙሪያውን ክፍት ተዉ። ግንዱ ላይ ተራራ አድርጎ መከመር ልጡን ያበሰብሰዋል፤ ለአይጥም መደበቂያ ይሆናል።

ውሃ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ቀጥሎ እስከ ሦስተኛው ወር በየሁለትና ሦስት ቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ነው። ሸክላ አፈር ከሆነ ግን ሰሌዳውን ትታችሁ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከትታችሁ ፈትሹ። እርጥብ ከሆነ ጠብቁ።

ከኦክቶበር በኋላ ብዙ ሰው ቱቦውን ጠቅልሎ ጋራዥ ያስገባል። ለፈር ግን ይህ ወሳኙ ጊዜ ነው። በዊንተር መሬቱ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቆማል። ቅጠሉ ግን በፀሐይና በንፋስ ውሃ ማትነኑን ይቀጥላል። በፌብሩዋሪና በማርች በደቡብና በምዕራብ በኩል ቅጠሉ ቡናማ የሚሆነው በዚህ ነው። መድኃኒቱ መሬቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ውሃ ማጠጣት ነው። ኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ በረዶ በሌለበት ወር፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ በሆነ ቀን፣ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ አጠጡ። መጠኑ ለግንዱ ውፍረት ለእያንዳንዱ ኢንች 10 ጋሎን ነው። ለወጣት ዛፍ በንፋሱ በኩል እንጨት ተክላችሁ ጆንያ ወጥሩለት። የመንገድ ጨው በሚረጭበት ዳርም አትትከሉ።

ቡናማ ከሆነ አትደንግጡ። ቅጠሉ ቢቃጠልም ቡቃያው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እስከ ሜይ መጨረሻ መቀስ አታንሱ። አናቱን ደግሞ በፍጹም አትቁረጡ።

ከነሥሩ የገና ዛፍ ለምትገዙ

ሥሩ ከነአፈሩ ያለ ፈር ገዝቶ፣ ሳሎን ውስጥ ገናን አክብሮ፣ ኋላ ግቢ መትከል የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን አንድ ችግር አለ። ሕያው ዛፍ ሞቃት ቤት ውስጥ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ብቻ ነው መቆየት የሚችለው። ከዚያ ካለፈ ጸደይ የመጣ መስሎት ይነቃል፤ ሲወጣም ብርዱ ይገድለዋል። ዲሴምበር 25ን ከልጆች ትምህርት ቤት ጋር፣ ጃኑዋሪ 7ን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን የምናከብር ሰዎች በመካከሉ 13 ቀን አለን። ስለዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኔ ለታኅሣሥ 29ኙ ገና ስትቃረቡ፣ ጃኑዋሪ 1 ገደማ እንድታስገቡት እመክራለሁ። እስከዚያ ጥላ ያለበት ውጪ ወይም የማይሞቅ ጋራዥ ውስጥ ይቆይ፤ አፈሩም አይድረቅ። በዓሉ ሲያልፍ መጀመሪያ ወደ ጋራዥ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ውጪ አውጡት። ጉድጓዱ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ በኖቬምበር ተቆፍሮ፣ አፈሩ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ይህ ይሳካል። ሚኒሶታና አልበርታ ላይ በጃኑዋሪ መትከል ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ባላደርገው እመርጣለሁ።

ሁለቱንም በዓል በአንድ ዛፍ ማክበር የፈለገ ሰው በዲሴምበር አጋማሽ የተቆረጠ ፍሬዘር ወይም ኖርድማን ይግዛ። ቤት ከማስገባቱ በፊት የግንዱን የታች ጫፍ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እንደገና ይቁረጠው፤ ሙጫው ስለሚደርቅበት ካልተቆረጠ ውሃ አይስብም። መቆሚያው ውስጥ ውሃ አይጉደልበት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ይጠጣል። ከማሞቂያው ይራቅ። እንዲህ ከተያዘ እስከ ጥምቀት ዋዜማ ድረስ ቅጠሉን ይዞ ይቆያል፤ የግቢውን ኮንኮለር ደግሞ በኤፕሪል ትተክላላችሁ።